የሚጢጢ ሁለት ጣቶች

«ከመውደቋ በፊት ምን ታደርጋለች?»

ልብስ ሰፊው ይህቺን ጥያቄ ሰምቶ ሰልችቶታል። መጀመሪያ የጠየቀው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሐኪም ነበር። ቀጥሎ የትልቁ ሆስፒታል ወፍራሙ ዶክተር ጠየቀው፤ ወፍራሙ ጡረታ ሲወጣ የተካው ቀጭኑም፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳይል፣ ጠየቀው። ሁሉም ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው፣ ዓይኑን ሳያዩ ነው የሚጠይቁት። እሱም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመለሰው አንድ መልስ ነው። «ምንም። ቁጭ ባለችበት ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትወድቃለች። አለቀ።» እነሱም «ምንም» ብለው ይጽፋሉ፣ መድኃኒቱን ይጨምራሉ ወይም ይቀይራሉ፣ የቀጠሮ ካርዱ ላይ ማህተም ያሳርፋሉ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ሰፈርተኛው ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሚስቱን ምጥ የያዛት ዕለት ሳይቀር እሱኑ እንዳንጠለጠለ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ሲንቆራጠጥ አዋላጇ አየችውና፣ «ምነው፣ ገና ሳይወለድ ልትለካው ነው?» ብላ ሳቀችበት። የተወለደችው ልጅ ከመጠን በላይ ትንሽ ነበረች፤ ሚጢጢ አላት። ዛሬ ሚጢጢ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ በአራት ጣት ትረዝማለች። ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀርቷል።

ስፌት ቤቱ የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ መንገድ ዳር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት። ሁለት የስፌት መኪና፣ በክርንና በጨርቅ ብዛት የለሰለሰ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እጅጌ የሚጠብቁ ያላለቁ ኮቶች አሉ። እናትየው ቁልፍ ትተክላለች፣ ዘርፍ ታጥፋለች፣ ባሏ ያስቀየመውን ደንበኛ ታባብላለች። ይህ የመጨረሻው ሥራ ብዙውን ቀኗን ይወስድባታል።

በዚህ ቤት አንድ አመል አለ። ማንም ጨርቅ ሳይዳስስ አያልፍም። ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያዝ አድርገው ያሹታል፤ ሱፍ ይሁን ጥጥ፣ ይሸብሸብ አይሸብሸብ፣ ሲታጠብ ይጥበብ አይጥበብ በዚያ ያውቁታል። ልብስ ሰፊው ይህን የተማረው ከአባቱ ነው፤ ሚስቱ ከእሱ ተማረች። ሚጢጢም ገና ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያሸች ነው ያደገችው። «ጨርቁ ራሱ ይነግርሻል» ይላት ነበር። «አንቺ ዝም በይና ጣትሽን አዳምጪ።» ልጅቷም አዳመጠች። እያደገች ስትሄድ በግራ እጇ ማሸት ያዘች፤ በሰው ቤት መጋረጃ፣ በአውቶቡስ ወንበር ልባስ፣ በአስተማሪዋ ቀሚስ ላይ ሳይቀር። አባትየው ደረቱን ነፍቶ ለደንበኛ ሁሉ ያወራል። «ይቺ ልጅ ልብስ ሰፊ ሆና ነው የተወለደችው። ቀኝ እጇ ሥራ ሲይዝባት በግራዋ ትለካዋለች!»

አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን እናትየው ገበያ ሄዳ ነበር። አባትየው ልጅቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የወደቀ መቀስ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሚጢጢ ሲሚንቶው ላይ ነበረች። ግንባሯ አበጠ፣ አለቀሰች፣ ከረሜላ ተገዛላትና ዝም አለች። «ለእማዬ አንነግራትም፣ እሺ?» አላት። እሺ አለች። ከግማሽ ዓመት በኋላ እዚያው ስፌት ቤት ውስጥ በአፍ ጢሟ ተደፋች፤ ግራ እጇ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ። ከዚያች ዕለት ወዲህ ልብስ ሰፊው ያቺን ጠረጴዛና ያቺን ግማሽ ዓመት በሆዱ ይዞ ይኖራል። «ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቃለች?» ብሎ የጠየቀውን ሐኪም ሁሉ ቶሎ «አታውቅም» ይለውና ያስላል። ሐኪም ቤት ሲገባ ለምን እንደዚያ እንደሚቆጣ ሚስቱ አይገባትም። ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ፍርድ ቤት ይመስለዋል።

የሰው አፍ ደግሞ አለ። አንዱ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣ ሲጥላት የበር ቁልፍ አስጨብጧት ይላል። ሌላዋ በቀኝ ጎኗ አስተኟት ትላለች፤ ተከትላ የገባችው በግራዋ ነው ትላለች። ልጅቷን በድንጋጤ ነው ያሳመማችኋት ያለም አለ። እሱን ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሳያሳጥርለት መለሰው። እናትየው በር ላይ ተከትላው ይቅርታ ጠየቀች።

ሚጢጢ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቃ ጥርሷ ከተሰበረ በኋላ ትምህርቱን ተወችው። ካውያ ይዛ ወደቀችና ክንዷ ተቃጠለ፤ ካውያ ተከለከለች። መኪናው መርፌ አለው ተብሎ መኪና ተከለከለች። መቀስም ተከለከለች። የቀራት የተሳሳተ ስፌት መተርተርና ቁልፍ መደርደር ነው። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሞክሮላታል፤ ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ እንቅልፍ ያበዛባታል፣ መውደቋን ግን አያስቀርላትም። በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ይጥላታል። «እኔ እዚህ ቤት ውስጥ እቃ ነኝ» አለች አንድ ቀን፣ ቁልፍ በቀለም እየለየች። «እንዳይሰበር ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚቀመጥ እቃ።»

ወጣቷ ዶክተር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ቀጭኑ ዶክተር ተዛውሮ በእሱ ቦታ ተቀመጠች። ፋይሉን ከፍታ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበችው፤ ልብስ ሰፊው ተራ ሲጠብቅ ከደጅ ያለውን አግዳሚ ወንበር በቂጡ አልፍቶት ነበር። ስታስገባቸው ነገሩን በግልጽ ነገረቻቸው። መድኃኒት ሦስቴ እምቢ ካለ አራተኛው እሺ የማለት ዕድሉ ትንሽ ነው። ሌላ መንገድ አለ፤ ቀዶ ጥገና። ነገር ግን ሐኪም አንጎሏን የሚነካው ሕመሙ የሚነሳበትን ቦታ ካወቀ ብቻ ነው። ሚጢጢ ከሦስት ዓመት በፊት የተነሳችው የአንጎል ኤምአርአይ ፊልም «ጤናማ» ይላል። በሚቀጥለው ወር ሐኪሞቹ ተሰብስበው ፋይሉን ያዩታል፤ ቦታው ካልተገኘ «በመድኃኒት ትቀጥል» ተብሎ ይዘጋል።

«እንደገና ይከፈታል?» አለች እናትየው።

«በቅርቡ አይመስለኝም» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ወረቀቷን ወደ ጎን ገፋችውና ልብስ ሰፊውን ትክ ብላ አየችው። «እስቲ አባት፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ከመውደቋ በፊት ምን ታደርጋለች?»

ልብስ ሰፊው ብድግ አለ።

«ምንም! ምንም ዶክተር! ምንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳዎት?» ሜትሩን ከአንገቱ መዝዞ እጁ ላይ ይጠመጥመው ጀመር። «አሥራ አራት ዓመት ነው የተናገርኩት። በቀጠሮ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ። ይኸው እዚያ ፋይል ላይ ተጽፏል፤ ምንም፣ ምንም፣ ምንም!»

«ድምፅህን ቀንስ» አለች ሚስቱ።

«ቀንሻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ሚጢጢ ከጠረጴዛው ጎን፣ ከዶክተሯ አጠገብ ነው የተቀመጠችው። አባቷ ሲጮህ ግራ እጇ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። የዶክተሯን ነጭ ካፖርት ጠርዝ በሁለት ጣቷ ያዘችና ማሸት ጀመረች።

«ተይ አንቺ! የሰው ልብስ ነው!» አለ አባትየው። ወደ ዶክተሯ ዞሮ ድምፁን አለዘበ። «ይቅርታ ያድርጉልን። የቤታችን አመል ነው፤ ጨርቅ ሳንነካ አናልፍም። መቼም እንዲህ ያለ ካፖርት ስታይ…»

ዶክተሯ አልሳቀችም። ጨርቁንም አላየችም፤ የምታየው የልጅቷን ፊት ነው። ሚጢጢ ማሸቷን አላቆመችም። ዓይኗ ግን የሩቅ ነገር የምታይ ይመስል ፈዟል። ጣቷ ፈጠነ፣ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራተተች። አባትየው በልምድ ብብቷን ቀልቦ በጎኗ አስተኛት። ዶክተሯ ተንበርክካ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተች።

መንዘፍዘፏ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ልጅቷን የመመርመሪያው አልጋ ላይ አስተኟት። ዶክተሯ ግን ወንበሯ ላይ አልተመለሰችም።

«ይሄ የጣቷ ነገር ሁልጊዜ ከመውደቋ በፊት አለ?»

«የምን የጣት ነገር?» አለ ልብስ ሰፊው። «ነገርኩዎት እኮ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን።» ለማሳየት የሱሪውን ጉልበት ያዘና አሸ። ወደ ሚስቱ ጠቆመ፤ እሷም ሳይታወቃት ሻርፗን እያሸች ኖሯል። «ይኸው! አመል ነው!»

«እርስዎ ካሹ በኋላ ይወድቃሉ?»

ልብስ ሰፊው የሱሪውን ጉልበት ለቀቀ።

ሚጢጢ ነቅታ ውሃ ከጠጣች በኋላ ዶክተሯ ጠየቀቻት። ልጅቷ አልተጨነቀችም፤ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ነገር እንደምታስረዳ ነው የነገረቻት። መጀመሪያ ሁለቱን የግራ ጣቶቿን ይነዝራታል። ጨርቅ ካሸች ትንሽ ይሻላታል። አንዳንዴ እዚያው ይቆማል፤ አንዳንዴ ወደ ክንዷ ይወጣና ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቅም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለ አባትየው። ድምፁ አሁን በራሱ ቀንሷል።

ሚጢጢ አፈጠጠችበት። «ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ አይደለህ እንዴ ጨርቁ ይነግርሻል፣ ጣትሽን አዳምጪ ያልከኝ? እየነገረኝ ነው ብዬ ነዋ! የአንተንም ጣት የሚነዝርህ ነበር የሚመስለኝ።»

ዶክተሯ «ምንም» የሚለውን ሰረዘችና ረጅም ጽሑፍ ጻፈች።

የአንጎሏ ፊልም ስፌት ቤት ነበር። እንዳይታጠፍ ብሎ ልብስ ሰፊው ከኮት ንድፍ ወረቀቶች መሀል አስተኝቶት፣ አንዴ ንድፍ መስሎት ጠመኔ አድርጎበታል። ጠመኔውን በእጅጌው ጠርጎ፣ በማግስቱ ራሱ ወሰደው። ፊልም የሚያነበው ሐኪም በአንጎሏ ቀኝ በኩል፣ የግራ እጅ ስሜት ወደሚደርስበት ስፍራ እንዲያይ ተነገረውና ለብዙ ጊዜ አየው። «አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል» አለ። ሚጢጢ እንደገና፣ ረቀቅ ባለ መንገድ ፊልም ተነሳች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ ምስሉን ስክሪን ላይ ከፈተችላቸው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ነበረች። ሌላው ሁሉ ጠርዙ ጥርት ብሎ ሲታይ እሷ ብዥ ብላለች።

«ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ የአንጎል ሴሎች የሚፈጠሩት ከውስጥ በኩል ነው» አለች። «ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ውጨኛው ንጣፍ ይጓዛሉ። እዚያም እየተደራረቡ በየረድፋቸው ይቀመጣሉ። እዚህች ጋ ግን በቅጡ አልተደረደሩም፤ አንዳንዶቹም ቅርጻቸው እንደ ሌሎቹ አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ አርፎ አይቀመጥም። በገዛ ራሱ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልክና ጎረቤቶቹን ያነሳሳል።»

«ገበሩ ተሸብሽቦ ተሰፍቷል በሉኛ» አለ ልብስ ሰፊው።

«እንደዚያ ነገር።»

«ሦስት ዓመት እኮ ንድፍ ውስጥ ተኝቶ ነበር! ጤናማ ተብሎ! ያኔ ያነበበው ሰውዬ ዓይን የለውም?»

«ትንሽ ነገር ነው አባት። የት ጋ እንደሚፈለግ ካልታወቀ ያልፋል። የት እንደሚፈለግ የነገሩን የልጅዎ ጣቶች ናቸው።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጠምጥሞ ጨረሰና ፈታው። እንደገና ጠመጠመው። «ዶክተር… ይሄ ነገር… ድሮ ሰው ሕፃን ሳለ ቢወድቅ… ከጠረጴዛ፣ እንበል… ከዚያ ሊመጣ ይችላል?»

«ከየትኛው ጠረጴዛ?» አለች ሚስቱ።

«አይመጣም» አለች ዶክተሯ። «ይሄ ሳትወለድ በፊት የነበረ ነው። መውደቋ አላመጣውም፤ ባትወድቅም ይመጣ ነበር።»

«ከየትኛው ጠረጴዛ ነው የምልህ!»

«ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ።»

በዚያች ቅጽበት እፎይ ማለት ነበረበት። አላለም፤ ተናደደ። አሥራ አራት ዓመት ያልሠራውን ጥፋት ታቅፎ ሐኪም ሲሸሽ ኖሯል። መናገር የነበረበት ነገር ግን በየቀኑ ዓይኑ ሥር ነበር፤ እሱ ለደንበኛ ሲኮራበት ኖሯል። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ለሚስቱ የጠረጴዛውን ጉዳይ ነገራት። ሁለት ፌርማታ ሙሉ ሻርፗን አሸች። ሦስተኛው ላይ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻህን?» አለችና እጁን ያዘችው። ይህም አናደደው፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

የሐኪሞቹ ስብሰባ ቀዶ ጥገናውን ተቀበለው። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ። ቦታዋ የእጇን ስሜት ከሚቀበለው ስፍራ ጋር የተጎራበተች ስለሆነች ግራ እጇ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ምናልባት ለወራት፣ ምናልባት ለዘለቄታው። ልብስ ሰፊው ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። የልብስ ሰፊ ልጅ ያለ ጣት ምን ትሆናለች አለ። ሚጢጢ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ መቀስ አትንኪ አልከኝ። ካውያ አትንኪ አልከኝ። መኪናው ጋ ድርሽ አትበይ አልከኝ። ታዲያ ይቺን እጅ የምትሳሳላት ለምኗ ነው? ለመተርተሪያ?» ቅጹን ራሷ ፈረመች፤ በቀኝ እጇ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ሳምንት አለፈ፣ አንድ ወር አለፈ፣ አልጣላትም። ግራ ጣቶቿ ግን ሱፍና ወረቀት አይለዩም ነበር። በሆስፒታሉ ኳስ አስጨብጠው፣ ምስር አስለቅመው፣ ቁልፍ በኪስ ውስጥ አስፈልገው ያሠሯታል። ልብስ ሰፊው በበኩሉ አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህ ቤት ጨርቅ አይታሽም! ሁለት ጣት ጨርቅ ላይ ሲተሻሽ ባየ ቁጥር ሚጢጢ የምትወድቅ ይመስለዋል። ራሱን ከለከለ፣ ሚስቱን ከለከለ፣ ደንበኛውንም ከለከለ። ሰውየው የራሱን ጨርቅ ይዞ መጥቶ ጠርዙን ሊዳስስ ሲል፣ «እጅዎን!» ይለዋል። እናትየው የምታባብለው ደንበኛ በእጥፍ ጨመረ። ትራስ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከመኪናው አጠገብ፣ በሩ ጋ አስቀመጠ። ሚጢጢ አንዱን ትራስ አንስታ ወደ ጓዳ ስትወስድ ሌላ ይተካል። ትራሱ ከኮቶቹ በልጦ ነበር።

በአምስተኛው ወር አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አስተማሪ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ጠቅላላው ሱፍ ነው ብሎ፣ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ፣ ጠረጴዛው ላይ በኩራት ዘረጋው። ልብስ ሰፊው አፉ ሙሉ ስፒል ይዞ የሌላ ደንበኛ እጅጌ እየጠቀመ ነበር። ሚጢጢ ወንበሯን ሳበች። ግራ እጇ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ሁለቱ ጣቶች የጨርቁን ጠርዝ ያዙ፤ ማሸት ጀመሩ። ልጅቷ ዝም ብላለች።

ልብስ ሰፊው ስፒሉን ተፋው። የስፒል ሳጥኑ ተገለበጠ፣ ወንበሩ ወደቀ፣ ሜትሩ የመኪናው ፔዳል ላይ ተጠላልፎ አንገቱን ሳበው። ትራስ ፍለጋ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ትራሱን ጠዋት ወደ ጓዳ ወስዳዋለች። «እናትየው! ያዣት! ሰዓት እዪ!» እያለ በጉልበቱ ዳኸ፣ ሁለት እጁንም ወደ ብብቷ ዘረጋ።

«አባዬ!» ሚጢጢ ከላይ ቁልቁል አየችው። ትዕግስቷ ማለቁ ከፊቷ ይነበባል። «ጨርቅ እየዳሰስኩ ነው! ሰው ጨርቅ አይዳስስም እንዴ?»

ከዚያ ወደ አስተማሪው ዞረች። «ደግሞ ጠቅላላው ሱፍ አይደለም። ግማሹ ፖሊስተር ነው። አታለውዎታል።»

«እንዴት ሆኖ!» አለ አስተማሪው።

ልብስ ሰፊው ከመሬት ሳይነሳ እጁን ወደ ላይ ሰደደ፤ የጨርቁን ሌላ ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘና አሸው። አምስት ወር ሙሉ ጨርቅ ሳይዳስስ ነው የሰፋው። ግማሹ ፖሊስተር ነበር።

«በግራሽ ነው ያወቅሽው?» አለ።

«በግራዬ።»

«ይነዝርሻል?»

ሚጢጢ ጣቶቿን አየቻቸው። እንደገና አሸች። «አይነዝረኝም አባዬ። ዝም ብሎ ጨርቅ ነው።»

እናትየው በጓዳው በር ላይ ሰዓቱን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አስተማሪው የሚለካው ሰው እየጠበቀ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ግን ፊቱን ወደ ሲሚንቶው መልሶ፣ ስፒሉን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፤ ብዙ ስፒል ነበር፣ ደግሞ ዓይኑ በደንብ አያይለትም ነበር።